ይህች አበባ ስንት ዓመቷ ነው?

የጠየቀችኝ የጎረቤት ልጅ ናት። አጥሩ ሥር ቁጢጥ ብዬ አረም ስነቅል መጣችና አጠገቤ ቁጢጥ አለች። ሮዟን ዳፎዲል አየት አደረገቻትና «ጋሼ፣ ይቺ አበባ ስንት ዓመቷ ነው?» አለችኝ።

«አምና ነው የተከልኳት» አልኳት።

«የተተከለችበትን አይደለም። ዕድሜዋን ነው የጠየቅኩህ።»

አፌን ከፍቼ መልሱን ስፈልግ እናቷ ጠራቻትና ብር ብላ ሄደች። ጥያቄው ግን አልሄደም። አረሙን ጨርሼ እጄን ስታጠብ እዚያው ነበር። ማታም መጣ። ከዘር የበቀለ ተክል ቢሆን ዘሩ የተዘራበትን ቀን ቆጥሮ መናገር ነው። ዛፍ ቢሆን ግንዱ ውስጥ ያሉት ቀለበቶች ይቆጠራሉ። የዚህችን አበባ ዕድሜ ግን ከየት ጀምሬ ልቁጠር? ቅጠሎቿ የወጡት ብርዱ ሲለቅ ነው፤ ገና ሳምንታቸው ነው። ከሥር ያለው ሽንኩርት የሚመስለው ኮረት ጥቂት ዓመት ኖሯል። አበባዋ ደግሞ ለዓይን ከመታየቷ ከወራት በፊት ተሠርታ ያለቀች ናት። እሷ ራሷስ? እሷማ ከእኔም፣ ከአያቴም ትበልጣለች።

ሚስስ አር. ኦ. ባክሃውስ ትባላለች። ዳፎዲል ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ቢጫውን ነው፦ ዙሪያውን ስድስት የአበባ ቅጠል፣ መሃል ላይ ወደ ፊት የወጣ ጽዋ፣ ሁለመናው ቢጫ። እሷ እንዲህ አይደለችም። ዙሪያዋ ነጭ ነው፤ ያውም ትንሽ ወደ ክሬም የሚያደላ ነጭ። ጽዋዋ ቀጠን፣ ረዘም ያለ ነው። ከንፈሩ ጋ ይሸበሸባል። ቀለሙ ደግሞ ሮዝ።

ይህን «ሮዝ» የሚለውን ቃል ሰምቶ የተከላት ሰው የመጀመሪያው ቀን ላይ ቅር ይለዋል። ምክንያቱም ስትከፈት ሮዝ አይደለችም። ጽዋዋ መጀመሪያ ቢጫና ብርቱካናማ የተደባለቀበት ነገር ነው። ቀለሙ የሚዞረው ከዚያ በኋላ ነው። በየቀኑ ጠዋት ወጥቶ ያያት ሰው ቢጫው ቀስ እያለ ሲለቅ፣ ሮዙ ሲመጣ ያያል። አየሩ ቀዝቀዝ፣ ርጥብ ሲል ሮዙ ይጠራል። ኃይለኛ ፀሐይ ካገኛት ደግሞ ቶሎ ይገረጣል። ስለዚህ የቀትር ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት ጥግ ነው የመረጥኩላት። ሮዝ ዳፎዲሎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ተከፍታ ባየኋት ቀን «ሌላ ዝርያ ነው የሸጡልኝ» ብሎ መደምደም አይገባም፤ ጥቂት ቀን መስጠት ነው።

ከእሷ በኋላ የመጡ ሮዞች አሉ፤ ለምሳሌ በ1958 የተመዘገበችው ሳሎሜ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ቀለማቸው ከእሷ ይደምቃል፤ አበባቸውም ሞላ ያለ ነው። ሊወዷቸው የሚገቡ አበቦች ናቸው። እኔ ግን ከእነሱ ይልቅ እሷን እወዳለሁ። «ሮዝ ዳፎዲል» ተብለው ስም ካወጡት የመጀመሪያዋ እሷ ናት። መጀመሪያ የመጣ ነገር ላይ ገና ያልተስተካከለ፣ ገና በመሆን ላይ ያለ መልክ ይታያል። ያ መልክ ነው የሚስበኝ።

ስሟን የሰጠቻት ሴት

ሣራ ባክሃውስ በእንግሊዝ አገር፣ ሄርፎርድሺር በሚባል አውራጃ የኖረች ዳፎዲል አዳቃይ ነበረች። ያገባችበት ቤተሰብ ከዳፎዲል ጋር የቆየ ነው። አማቷ ዊልያም ባክሃውስ (1807–1869) ሥራው ባንክ ነበር፤ ልቡ ግን አበባ ማዳቀል ላይ ነበር። ባሏ ሮበርትም ያንኑ ተከተለ፤ «ሚስስ አር. ኦ. ባክሃውስ» ማለት የእሱ ሚስት ማለት ነው። ልጃቸው ደግሞ አርጀንቲና ሄዶ በስንዴ ማዳቀል ሥራ ኖረና ኋላ ላይ እሱም ወደ ዳፎዲል ተመለሰ፤ ቀይ ጽዋ ያላቸውን በማውጣት ይታወቃል። ሦስት ትውልድ መሆኑ ነው።

ይህ ሥራ ለምን ትውልድ እንደሚፈጅ የገባኝ አካሄዱን ሳውቅ ነው። አዳቃዩ ከአንዱ አበባ የወንዴውን ብናኝ ይወስድና ሌላው ላይ ያደርጋል። ዘር ይይዛል። ዘሩ ይዘራል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ዳፎዲል ከዘር በቅሎ የመጀመሪያ አበባውን እስኪያሳይ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይወስድበታል። በመጨረሻ ሲያብብ አብዛኛው ምንም አዲስ ነገር የለውም፤ ይጣላል። ከመካከላቸው አንዱ ብቻ ልብ ሊያስደነግጥ ይችላል። አንድ ኮረት ማለት ነው፤ በዓለም ላይ ከእሱ ሌላ የለም። ያ አንድ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆነ ሰው እጅ እስኪገባ ደግሞ ሌላ ብዙ ዓመት። በዚህ ሥራ ላይ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት በደንብ ይሠራል። የሚቸኩል ሰው ገና ከመጀመሪያው አይገባበትም።

ሣራ በ1921 አረፈች። ባሏ ሮዟን ዳፎዲል በስሟ ለዓለም ያወጣት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1923 ነው። ሣራ አበባዋ በስሟ ስትጠራ አልሰማችም። አሁን የዚያ ዘመን ብዙ ታዋቂ ሰው ተረስቶ፣ የእሷ ስም ግን በየዓመቱ ብርዱ ሲለቅ እየወጣ ይነበባል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ።

እንግዲህ ለልጅቷ አንዱ መልስ «ከመቶ ዓመት በላይ» የሚል ነው። ዘሯ መሬት የነካው 1923 ከመድረሱ ከዓመታት በፊት መሆን አለበት። ያ ዘር አንድ ብቻ ነበር። ይህን ሳስብ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። ያ ዘር የት ገባ? አሁን በእኔ ጓሮ ያለችው ከእሱ ጋር ምኗ ነው?

ኮረቱን የቆረጥኩ ዕለት

ቅጠሎቹ ቢጫ ሆነው ወድቀው፣ ኮረቶቹን አውጥቼ አየር በሚያገኝ ቦታ አስቀምጫቸው ነበር። ሊተከሉ ሲቃረቡ አንዱን ለመቁረጥ ወሰንኩ። ውስጡን ማየት ፈለግኩ። ያን የልጅ ጥያቄ ይዤ ሌላ የት እንደምሄድ አላወቅኩም።

እውነቱን ለመናገር እጄ እሺ አላለኝም ነበር። የተለመደው ቢጫ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። ይህች ግን ቀስ ብላ ነው የምትራባው፤ አንዱን ኮረት ማጥፋት አንድ እሷን ማጥፋት ሆኖ ታየኝ። ደግሞም ትንሹን ብቆርጥ ዋጋ የለውም። ውስጡ አበባ የሚይዘው ትልቁ፣ ደልደል ያለው ነው። ስለዚህ ትልቁን አነሳሁ። ጓንት አደረግኩ። የዳፎዲል ፈሳሽ ቆዳ ያሳክካል፤ ውስጡ በዓይን የማይታዩ መርፌ የሚመስሉ የካልሲየም ኦክሳሌት ስባሪዎች አሉ። አበባ በመልቀም የሚተዳደሩ ሰዎች እጃቸው በዚሁ ይቆስላል። ከተበላም መርዝ ነው፤ ላይኮሪን የሚባል ነገር አለው፤ ያስታውካል። ከሽንኩርት ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ኮረት የሚያስቀምጥ ሰው ከማድቤቱ ሽንኩርት አጠገብ ፈጽሞ እንዳያደርገው።

ቢላውን ከአናቱ ወደ ታች፣ እስከ ሥሩ መቀመጫ ድረስ አወረድኩት። ሁለት ላይ ተከፈለ። የሚያዳልጥ ፈሳሽ ወጣ። ውጭው ቡናማ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ልጣጭ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ነጭና ወፍራም ንጣፎች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበዋል። እነዚህ ንጣፎች ቀድሞ ያለፉ ዓመታት ቅጠሎች ታችኛው ክፍል ናቸው። ተክሏ ስንቋን የምታኖረው እዚያ ውስጥ ነው። ከታች ጠንካራው መቀመጫ አለ፤ ሥሮቹ ከእሱ ሊወጡ አፍጥጠዋል። መሃል ላይ ደግሞ ወደ ቢጫ የሚሄድ ለጋ ቡቃያ ቆሟል።

ያንን ቡቃያ በመርፌ ከፈል አደረግኩት። ማጉያ መነጽር ያዝኩ።

አበባዋ እዚያ ነበረች። ሙሉዋን። የአበባ ቅጠሎቿ ተጠቅልለው፣ በመካከላቸው የወንዴዎቹ ጫፎች ተደርድረው ቢጫ ሆነው ይታያሉ። ጽዋው ገና ቀጭን ጠርዝ ነው። ርዝመቷ ከጥፍሬ ያነሰ። ነገር ግን የጎደላት የለም። ገና አልተከልኳትም። ውሃ አላጠጣኋትም። ብርዱም አልመጣም። እሷ ግን አበባ ሆና ጨርሳለች።

ብዙ ቆየሁ እያየሁ። መቼ ነው የተሠራችው? መልሱን ሳገኘው ጊዜው ተገለባበጠብኝ። የዳፎዲል የሚቀጥለው ዓመት አበባ መፈጠር የሚጀምረው የዘንድሮው አበባ እንደረገፈ፣ ቅጠሉ ገና ቆሞ ሳለ ነው። ሙቀቱ ወራት ሲያልቅ ተሠርታ ታልቃለች። እኔ «አበባው አለፈ፣ አሁን ምንም የለም» ብዬ ፊቴን ያዞርኩበት ወቅት ነው ለካ ሥራው የነበረው። መሬት ውስጥ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ማንም ሳያያት።

ስለ ንጣፎቹም ያሰብኩት የዚያኑ ዕለት ነው። ኮረቷ ከውስጥ በየዓመቱ አዲስ ንጣፍ ታወጣለች። ከውጭ ያለው ስንቁ ያልቅና ይሳሳል፤ መጨረሻ ላይ ያ ቡናማ ልጣጭ ይሆናል፤ ከዚያ አፈር ይሆናል። አንድ ንጣፍ ቢቆይ ሦስት አራት ዓመት ነው። እንግዲህ እጄ ላይ ያለችው ኮረት አካሏ በሙሉ የቅርብ ጊዜ ነው። ከ1923 የተረፈ አንዲት ፍርፋሪ እንኳ የላትም። ሣራ የነካችው ነገር አንዱም እዚህ የለም። እሷነቷ ግን አንድም ቀን አልተቋረጠም። ኮረት ከኮረት እየወጣ፣ ልጅ ከእናት እየተላቀቀ እዚህ ደርሷል። መሃል ላይ አንድ ዓመት እንኳ የተዘለለ የለም፤ ቢዘለል ኖሮ እሷ የለችም።

ይህን ካየሁ በኋላ «መቶ ዓመቷ ነው» ማለትም፣ «ሦስት ዓመቷ ነው» ማለትም ሁለቱም እውነት መሰለኝ። አንዱን መርጬ መናገር ከበደኝ፤ አሁንም ይከብደኛል።

ቅጠሉን ተዉት

ከዚያ ቀን ወዲህ አተካከሌን ሳይሆን ከአበባ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው ከሁሉ በላይ የምጠብቀው። አበባው ሲጠወልግ ቅጠሉ ይንጋደዳል፤ መደቡን ያበላሻል። ዓይን ይጠላዋል። ብዙ ሰው ያኔ ያጭደዋል፤ ወይም እንደ ሹሩባ ጎንጉኖ ያስረዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። ለመደቡ ውበት ሲባል የሚቀጥለው ዓመት አበባ ይታጨዳል። ቅጠሉ ፀሐይ የሚሰበስበው ለኮረቷ ነው፤ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ሳይነካ መቆም አለበት። ራሱ ቢጫ ሆኖ በእጅ ሲሳብ እሺ ብሎ ሲለቅ ያኔ ይነሣል። የሚቆረጠው የጠወለገው አበባ ብቻ ነው፤ ዘር ለመያዝ ኃይሏን እንዳታባክን። አገዳው ግን አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ይቆይ፤ እሱም ይመግባል።

አተካከሉን በተመለከተ ረጅም ነገር አያስፈልገውም። የኮረቱን ቁመት ሦስት እጥፍ ያህል፣ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት። ውሃ የማይተኛበት አፈር። ሲገዙ በአውራ ጣት ታችኛውን መቀመጫ ጫን ማድረግ፤ ከለሰለሰ አይወሰድ፤ ፉዛርየም የሚባል ፈንገስ ገብቶበታል ማለት ነው። ጥልቀቱ ላይ ግን እንዳይቀለድ። ከላይ ከላይ የተተከለ ዳፎዲል ቶሎ ብዙ ትናንሽ ኮረት እየሆነ ይከፋፈልና ቅጠል ብቻ ያወጣል። አበባ የለም።

ብርዱም የራሱ ሥራ አለው። ብርድ አበባውን ይፈጥራል የሚሉ አሉ፤ ቆርጬ እንዳየሁት አበባው ቀድሞ አለ። ብርዱ የሚያስፈልገው አገዳው እንዲረዝምና አበባው ተደላድሎ እንዲወጣ ነው። ከ9 ዲግሪ በታች የሆነ ቅዝቃዜ ለ12 እስከ 16 ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ያን ካላገኘ አጥሮ ይቀራል፤ ወይም እምቡጡ ሳይከፈት ይደርቃል። ስለዚህ ሙቀት ባለበት አገር ኮረቱን ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆይተው የሚተክሉ ሰዎች አሉ፤ ትክክል ናቸው።

አንዲት ናት

በዓለም ላይ ስንት ጓሮ ውስጥ ሚስስ ባክሃውስ እንዳለች የሚያውቅ የለም። ሁሉም ግን አንዲት ተክል ናቸው። እህትማማች አይደሉም፤ ዘመዳሞችም አይደሉም። ከእሷ ዘር ቢዘራ የሚበቅለው ሌላ አበባ ነው፤ አዲስ ፍጡር፣ ሌላ መልክ። እሷን የሚያስቀጥላት ከጎኗ የምትወልደው ኮረት ብቻ ነው። ሮያል ሆርቲካልቸራል ሶሳይቲ ከሚባለው የእንግሊዝ የአትክልተኞች ማኅበር ዘንድ ከ1955 ጀምሮ የዳፎዲል ስሞች የሚሰፍሩበት ዓለም አቀፍ መዝገብ አለ። ዳፎዲሎች በ13 ክፍል ተመድበዋል፤ የተመዘገበው ስም ከ25,000 በላይ ነው። ከእያንዳንዱ ስም ጀርባ ያለው አንድ ዘር፣ አንድ ተክል ነው።

ከእሷ የሚበልጡም አሉ። ቫን ሲዮን የሚባለው ድርብርብ ቢጫ ከ1620 ገደማ ጀምሮ አለ። አራት መቶ ዓመት። መንግሥታት ወጥተው ሲወርዱ እሱ በየዓመቱ ተከፍቷል። ዛሬም ገዝቶ መትከል ይቻላል።

ዕድሜው ግን ያለ ዋጋ አይደለም። ከዘር የሚወጣ ተክል አብዛኛውን በሽታ ጥሎ ነው የሚጀምረው። በኮረት የሚቀጥል ግን ያገኘውን ቫይረስ ሁሉ ይዞት ይሄዳል። ክሽክሽ የሚባሉት ትናንሽ ነፍሳት ከአንዱ ወደ ሌላው ያዘዋውሩታል። ቅጠሉ ላይ ቢጫ ዝንጉርጉር መስመር ይወጣል፤ አበባው እያነሰ ይሄዳል። መድኃኒት የለውም። አሮጌ ዝርያዎች ላይ ይህ የተለመደ ነው። እኔም ቅጠሎቹ ሲወጡ አንድ በአንድ በብርሃን አያቸዋለሁ። መስመር ያለበት ሲገኝ ከነኮረቱ ይወጣል፤ ልቤ እየተቃጠለ። ምንም ያህል ብርቅ ብትሆን አታስቀሯት። አንዷን ማዳን እፈልጋለሁ ብሎ ማቆየት ከጎኗ ያሉትን ጤነኞች ማሳጣት ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ለስላሳ ልብ ያላቸውን አትክልተኞች አከብራለሁ፤ አልስማማም ግን።

ሌላው የምሳሳለት ነገር ስሟ ነው። በየጓሮው ማን እንደተከለው የማይታወቅ፣ ስሙ የጠፋ አሮጌ ዳፎዲል ሞልቷል። አበባው አለ፤ ማን እንደሆነ ግን ለመለየት ባለሙያም ይቸገራል። ስሙ ሲጠፋ ያዳቀለው ሰው፣ የተዘራበት ዘመን፣ የወላጆቹ ነገር አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ከእናታቸው የለያየኋቸውን ትናንሽ ኮረቶች ለብቻ መደብ ሰጥቼ ስሟን በእርሳስ ጽፌ ሰክቻለሁ። እስክርቢቶውን ፀሐይ ያጠፋዋል። ትናንሾቹ አበባ እስኪሰጡ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈልጋሉ። ሲጠነክሩ ለሚፈልግ እሰጣለሁ፤ ጎረቤቶች ከወዲሁ ጠይቀውኛል። የምለምናቸው አንድ ነገር ነው፦ ኮረቱን ሲወስዱ ስሙ የተጻፈበትንም እንጨት አብረው ይውሰዱ።